አራተኛው ምርቃት

ለመላው ቤተሰባችን በታላቅ አክብሮት ይገለጻል፦ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያታችን እማማ አስካለ በዘጠና ሰባት ዓመት ዕድሜያቸው አብልጠው የወደዱት እኔን ነው። ማስረጃ? ሲመርቁ እኔን ግንባሬ ላይ ሦስት ጊዜ «እንትፍ» ይሉ ነበር፤ የአጎቴን ልጅ ኃይለልዑልን ግን አንዴ ብቻ።

አርባቸው በወጣ ማግስት ይህንኑ ላስታውሰው እዚሁ አሜሪካ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ ድራይቭ አድርጌ ቤቱ ሄድኩ። ሳሎን ስጠብቀው፣ እማማ ይኖሩበት ከነበረው መኝታ ቤት ድምፃቸው ተሰማኝ።

«እንትፍ። እንትፍ። እንትፍ።»

ትንሽ ቆይቶ አራተኛ።

ኃይለልዑል ብቻውን ወጣ፤ ግንባሩ ርሷል። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«አራት?» አልኩት። «አንተማ አንድ ነበርክ! ምን አድርገህላቸው ነው?»

«አልነግርህም» አለኝ፣ ግንባሩን ሳይጠርግ።