ጥቁሩ ቢላዋ

ሽማግሌው ቀጥቃጭ ሁለት ቢላዋ ጆንያ ላይ አኖሩ፤ አንዱ ጥቁርና ደነዝ፣ ሌላው ባለ ቀንድ እጀታ፣ የሚያብረቀርቅ። ነገ በአብዮት በዓል፣ ደባርቅ አደባባይ፣ ሳንቃ ተደግፋ የምትቆመው ስንቅነሽ ናት። ዙሪያዋን ቢላዋ እየወረወረ ሳንቃው ላይ የሚተክለው የኪነት ቡድኑ ባሽር ልምምድ ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነው።

«ለጀማሪ ጥቁሩ ነው ልጄ» አሏት ቀጥቃጩ። «ክብደቱ ወደ ጫፉ ስለሆነ ይተከላል። ይኼኛው እጀታው ይከብዳል፤ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም።»

«ሕዝቡ ይሳቅብን?» አለ የቀበሌው ካድሬ። የሚያብረቀርቀውን አንስቶ ዘረጋላት። «እንኪ!»

ስንቅነሽ እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። «ጓድ፣ ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ያጣላል። መሬት ያኑሩልኝ። እኛ እንደሁ ሳንቀባበልም አልተስማማን!»

«አድኃሪ!» ብሎ እግሯ ሥር ወረወረው። ቢላዋው በእጀታው መሬቱን መታና ወደ ካድሬው ነጠረ፤ ሱሪውን ከጉልበቱ በታች ተረተረው። ስንቅነሽ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ግን እጇ ሳታዝዘው፣ ነገ ቢላዋው በአጠገቡ የሚያልፈውን ጆሮዋን ያዘ።

ካድሬው የተቀደደውን ሱሪ አላየም። ጥቁሩን ቢላዋ አነሣና ጎንበስ ብሎ፣ በቀስታ፣ መሬት ላይ አኖረላት።