ጨረር የመታው ብረት

የምርምር ክፍሉ ሰዎች «ጋሽ እቶን» ይሏቸዋል። ስድስት መቶ ዲግሪ የሚግለውን እቶን ሃያ ዓመት ሲጠብቁ ኖረው፣ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ጠፋ።

ሥራቸው ይህ ነው፤ ጨረር የመታውን የብረት ዘንግ እቶኑ ውስጥ ያቆማሉ፣ ከሥሩ ክብደት ያንጠለጥላሉ። ብረቱ በሙቀቱና በሸክሙ ቀስ እያለ ይለጠጣል። ስንት እንደተለጠጠ በየሳምንቱ ከመለኪያው ማንበብ የዶክትሬት ተማሪው ድርሻ ነው።

የአሁኑን ተማሪ ግን ጋሽ እቶን ዓይኑን ማየት አይፈልጉም። እዚሁ ክፍል ትማር የነበረችውን የልጃቸውን የሁለት ዓመት ልፋት፣ ደብተሯን ሙሉ ገልብጦ «የኔ ነው» ያለው እሱ ነው። የክፍሉ ፕሮፌሰርም እሱን አምነው እሷን «ሌባ» ብለው አባረሯት። ዛሬ ያቺ ጎበዝ ጫማ ቤት ቆማ የሰው እግር ትለካለች።

ታዲያ የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ ፈታኞች «አንድ ዓመት የሚፈጅ ማረጋገጫ ሙከራ ይጨመር» ሲሉ፣ ዘንጉ የተሰጠው ለማን መሰላችሁ? ለእሳቸው!

«አባዬ፣» አለች ልጃቸው የልባቸውን አውቃ፣ «እቶኑን እንዳትነካ። ኋላ ጥፋቱ ሁሉ ባንተ ይላከካል።»

«እቶኑንም ዘንጉንም አልነካም፤ አንቺን ይንሳኝ!»

ቃላቸውን ጠበቁ። ሙቀቱ አንዲት ዲግሪ ሳይዛነፍ ዓመት ሞላው። ተማሪው አርብ አርብ በሩ ላይ ብቅ ይላል።

«ጋሼ፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ግባና እይ እንጂ!»

«እርስዎ እያሉ ምን ሊሆን!» ብሎ መለኪያውን ሳያነብ ይሄዳል።

ጋሽ እቶን «ቆይ ብቻ!» ይላሉ በሆዳቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የመመረቂያ ጽሑፉን በሚያቀርብበት ቀን አዳራሹ ግጥም አለ። ተማሪው አዲስ ሱፉን ግጥግጥ አድርጎ የሙከራውን ግራፍ አሳየ፤ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲያዩት ያምራል። ፕሮፌሰሩ በደስታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ተሳካለት አይደል፣ አባዬ?» አለች አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው፤ እንባዋ መጣ።

«ሸክሙ ስንት ነበር?» ሲል ጠየቀ ከውጭ የተጋበዘው ፈታኝ።

«ሃያ ኪሎ፣ ዓመቱን ሙሉ።»

«ባይኖርስ?»

«ዘንጉ የፀጉር ያህል እንኳ አይለጠጥም ነበር።»

ጋሽ እቶን ከወንበራቸው ስር ከባድ ዘንቢል አንስተው ፈታኞቹ ፊት ዱብ አደረጉና፣ «ሃያው ኪሎ ይኸውላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ከአልጋዬ ስር አልወጣም» አሉ።