ለቀብር የሚላላ ሽቦ

ገና ጎህ ሳይቀድ የጦሩ ባንድ ከበሮ መቺ ከበሮውን ታቅፎ ተቀምጧል። ለቀብር ሲሆን ከሥሩ ያለው ሽቦ ይላላል፤ ያኔ ከበሮው መንጣጣቱን ትቶ እንደታፈነ ሰው ያጉረመርማል። ዛሬ ግን ማጥበቂያው ከጣቶቹ እየተንሸራተተ አልዞር አለው።

“ዛሬ ደግሞ የማን ቀብር ነው?” አለች ሚስቱ። ልጃቸው ከዘመተ ወዲህ ሳትጠይቅ ቀርታ አታውቅም።

“የአንድ ወታደር።”

“እናት አለችው?”

“አለችው።”

ከንፈሯን መጠጠች። “እሷን ያጽናት። አምጣው እስቲ፣ እጅህ ምን ሆነ?” ማጥበቂያውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አዞረችው። ሽቦው ላላ።

በሩ ተንኳኳ። “እኔ ልክፈት” ብሎ ተነሳ።

እሷ ቀድማው ከፈተች። የእድሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁን ሞልተውታል።