ከፈረንሳይ የመጣው ድንጋይ

የኪሮስ ቡጢ የመክብብን አፍ ሲያገኘው ደሙ ነጩ ሞተርሆም በር ላይ ተረጨ። መክብብ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። እጁንም አላነሳም። ይሄ ደግሞ ኪሮስን የባሰ አበገነው።

«ተማታ እንጂ! ምን ቆርጦህ ነው ተከትለኸኝ የመጣኸው?» አለና ደገመው።

በሁለተኛው መክብብ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው፤ እንደ ጎረምሳ የሚቧቀሱበት ዕድሜ ካለፋቸው ቆይቷል። ኪሮስ ጉልበቱ ከየት እንደመጣ እሱም አላወቀውም።

«ዳድ! ስቶፕ!» ስትል ልጁ ያኔት ከመኪናው ውስጥ ጮኸች። ሜልበርን ተወልዳ ያደገች ናት፤ እስከ አዴሌድ ልትሸኘው አብራው ተሳፍራለች። ኪሮስ ካርልተን ሰፈር ያለውን የኪራይ ቤቱን አስረክቦ፣ ያለችውን ጥሪት አሟጦ፣ አልጋና ምድጃ ያለውን ይህን ሞተርሆም ገዝቶ፣ ጠቅልሎ ወደ ፐርዝ መሄዱ ነው። ገና ከሜልበርን ሳይወጡ፣ ያራቪል ሰፈር መናፈሻ ዳር የቆሙት ውሃ ሞልተው ምሳ ሊቀምሱ ነበር። የሚሸሸው ሰው እዚህ ድረስ ይከተለኛል ብሎ መች አሰበ!

የሚሸሸውማ ይኼንኑ መክብብን ነው። ሱዳን ስደተኛ ጣቢያ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰዋል። ካርልተን አንድ ፎቅ ላይ ኖረዋል። ያኔትን በልጅነቷ እሽኮኮ አድርጎ ትራም ፌርማታ የሚያደርሳት መክብብ ነበር። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣና ሰውን ከሰው ለየው። የኪሮስ የእህቱ ልጅ ኢዮሲያስ ጦርነቱ ላይ መሞቱ በተሰማ እሁድ፣ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው በቆመበት፣ መክብብ «እሰይ! የእጁን አገኘ!» አለ። ኪሮስ ያቺን «እሰይ» ተኝቶም ይሰማታል።

መክብብ ደሙን በእጅጌው ጠረገና ተነሳ። ዞሮ ሄደ።

«ሂድ! ድራሽህ ይጥፋ!» አለው ኪሮስ።

መክብብ ግን ወደመጣበት መኪና አልሄደም። መናፈሻው መሃል የጦርነት መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል፤ ከዚህ ሰፈር ዘምተው ፈረንሳይ የቀሩ ልጆች ስም ተቀርጾበታል። ከሥሩ አንድ ግራጫ ድንጋይ አለ። ልጆቹ ካለቁባት ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ የመጣ መሆኑን ከጎኑ የተተከለችው ሰሌዳ ትናገራለች፤ ቅድም ያኔት ለአባቷ አንብባለታለች። መክብብ ሰሌዳዋን ዞር ብሎም አላያት። እሱ የፈለገው ድንጋይ ነው። ሁሉ ተጠርጎ በሣር በተሸፈነበት አገር ሌላ ድንጋይ ከየት ይመጣል! ጎንበስ ብሎ አቀፈው፣ አቃሰተ፣ አነሳው።

ኪሮስ ገባው።

መክብብ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እየተወላገደ መጣ። የበደለ ሰው እንዲህ ነው የሚመጣው፤ የተበደለው ካላወረደለት ደግሞ አያወርድም። ኪሮስ ይህን ያየው ልጅ ሳለ ነው፤ አባቱ የደመኛቸውን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ሲያወርዱ፣ ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲላቀሱ። ንዴቱ አሁንም እንዳለ ነው። ግን፣ ያውርድለት? ሄዶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይበለው? ሳያዘው እግሩ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

ያኔት ያየችው ሌላ ነው። የተደበደበ ሰውዬ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ አባቷ ላይ ሲመጣ ነው ያየችው። የመኪናውን ጥላ የሚዘረጉበትን የብረት ዘንግ ይዛ ከመኪናው ዘለለች።

«ተዪ! ያኔት፣ ተዪ!»

ምን ዋጋ አለው፣ ዘግይቷል። ብረቱ የመክብብን ጆሮ ግንድ አገኘው። መክብብ በግንባሩ ተደፋ፤ ድንጋዩም ተከትሎ ትከሻው ላይ ወረደና አጥንቱን ሰበረው። ከዚያ ተንከባሎ ኪሮስ እግር ሥር ቆመ።

«ሊገድልህ ነበር!» አለች ያኔት።

«ይቅርታ ሊለኝ ነው እኮ! ይቅርታ ሊለኝ ነው የመጣው፣ ልጄ!»

«በድንጋይ?»

ኪሮስ የአገሩን ቂም አንድ በአንድ ነግሯታል፤ ማን ማንን እንደገደለ፣ ማን ምን እንዳለ። ቂም እንዴት እንደሚያልቅ ግን ነግሯት አያውቅም። ያኔት ዘንጉን ጥላ ሹራቧን አወለቀችና የመክብብ ጭንቅላት ላይ ተጫነች፤ «ጋሼ መክብብ፣ ሶሪ፣ ሶሪ» እያለች ታለቅሳለች። ውሻ ይዛ የምትንሸራሸር ሴትዮ ስልኳ ላይ ትጮኻለች። የፖሊስ ሳይረን ከወደ ማሪቢርኖንግ ወንዝ መሰማት ጀመረ።

መክብብ አንድ ዐይኑን ገለጠ። ከጆሮው ደም ይወርዳል።

«አላወረድክልኝም» አለ።

ኪሮስ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አቀፈ። እንዲህ ይከብዳል ብሎ አላሰበም ነበር። በደም የተለወሰውን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጫነና መክብብ ራስጌ ተንበረከከ።

«ልጄ መታችህ። እኔም መታሁህ» አለው። «በል አውርድልኝ።»

ፖሊሶቹ ከመኪናቸው ወርደው ሽጉጥ አወጡ። «ድንጋዩን ጣል!» እያሉ ይጮኻሉ። ያኔትም እጆቿን ወደ ላይ አንስታ «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ጣለው!» ትላለች። ኪሮስ አልጣለም። አንገቱን እንደ ደፋ የመክብብን እጅ ያያል። ጣቶቹ አስፋልቱን ቧጠጡ፣ ትንሽ ከፍ አሉ፣ ድንጋዩ ጋ ግን አልደረሱም።