ጠመኔ ያልነካው ሽንሽን

ወርቂቱ ሦስተኛውን ቀሚስ ገልብጣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። የላይ ስፌቱ አልበቃትም፤ ሰውንም ልብስንም ከውስጥ በኩል ካላየች የማታምን ሴት ነች። ጨርቅ ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ እንኳ ኋላ "ጎደለብኝ" እንዳይላት በፊቷ ለክቶ ነው የሚያስረክባት።

ጠረጴዛው ላይ ተማሪዎቿ ለጃንሆይ ልደት የሰፏቸው ቀሚሶች ስም ሳይጻፍባቸው ተደርድረዋል። ከአዲስ አበባ የመጡት መርማሪ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ቀድመው አይተው ፍርዳቸውን በሆዳቸው ይዘዋል። የወርቂቱ ፍርድ ከሳቸው ጋር ከገጠመ፣ ከዛሬ ጀምሮ በነቀምቴ የስፌት ፈታኝ እሷ ትሆናለች።

እስካሁን ልጆቿን የሚፈትነው ከአዲስ አበባ የሚላክ ሰው ነበር። ዝናብ መንገዱን ከዘጋው ይቀራል፤ ልጆቹም ምስክር ወረቀት ሳይዙ ወደየቀዬአቸው ይበተናሉ። ወርቂቱ ይህ እንዲቀር ከልቧ ትፈልጋለች። ደግሞ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ "ፈታኟ መጡ" ተብሎ ሰው ብድግ ሲልላት ማየትም አምሯታል።

ነገሩ ግን ከመጀመሪያው አልጣማትም። ልጆቹ ሲሰፉ ወደ ክፍሉ እንዳትገባ ተከልክላ፣ መርማሪዋ ብቻቸውን ከልጆቹ ጋር ሰነበቱ። አሁን ደግሞ ጥግ ይዘው ሻያቸውን ይጠጣሉ እንጂ ቀና ብለው እንኳ አያዩዋትም። የሚፈትነውን ሰው የማያይ መርማሪ የት አገር አለ? "አንድ የደበቁብኝ ነገርማ አለ" አለች በልቧ።

ሦስተኛው ቀሚስ ሰማያዊ የፖፕሊን ሽንሽን ነው። ሽንሽኖቹ እኩል ወርደዋል፤ ወገቡ ላይ አንዱም አልተዛነፈም። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ወዲያው ግን ጥርጣሬ ገባት። ከተማሪዎቿ መካከል እንዲህ የምትሰፋ የለችም። የእሸቱ እጅ መሰላት፤ ገበያው አጠገብ መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ።

ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችና ውስጡን በጣቷ ዳሰሰችው። የጠመኔ ምልክት የለም። አንዱን እጥፋት ፈትታ አየች፤ እዚያም የለም። ተማሪ ሽንሽን ስትይዝ መጀመሪያ በጠመኔ ታሰምራለች፤ ያለ ጠመኔ የሚሠራ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰፋ የኖረ ሰው ብቻ ነው። "ያዝኩዎት!" ልትል ምንም አልቀራት።

"ይሄ አያልፍም" አለች።

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ምን ጎድሎት?"

"ምንም አልጎደለው፤ እሱ እኮ ነው ነገሩ! የተማሪ ሥራ አይደለም። ከገበያ አሰፍታ ያስገባች አለች፤ ወይም ደግሞ..." ወይም እርስዎ ነዎት ልትል አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው።

"እርግጠኛ ነዎት?"

ጥያቄው ጭራሽ አደነደናት። ሊያወላውሉኝ ነው፣ አለች ለራሷ። "እርግጠኛ ነኝ። ይህን ያመጣች ልጅ ከዚህ ቤት መባረር አለባት።"

"እንግዲያው እንጥራታ" አሉ መርማሪዋ፤ ተነሥተውም በሩን ከፈቱ። "ድርቤ!"

ወርቂቱ ሳቋን እንደምንም ያዘችው። ድርቤ ከጉቶ ጊዳ ገጠር የመጣች፣ ከሁሉም ኋላ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክል ዝምተኛ ልጅ ናት። ወርቂቱ አጠገቧ ቆማ ስፌቷን አይታላት አታውቅም። ምስኪን፣ ማን አሳስቷት ይሆን?

"ኮቱ፣ ነይ ወዲህ" አለቻት ወርቂቱ በኦሮምኛ ጀምራ። " ማነው የሰፋልሽ?"

"እኔው ነኝ፣ አዳዳ።"

"ዛሬ አክስትሽ አይደለሁም! እሸቱ ነው አይደል?"

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ከቅርጫቱ ቁራጭ ፖፕሊን አንሥተው ሰጧት። "እኔ ፊት እንደሠራሽው አድርገሽ ለሳቸውም አሳዪያቸው።"

ድርቤ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በሁለት ጣቷ ለካች፣ አጠፈች፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን ብላ ጎተተችበት። ጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። ቀጥላ ሌላውን አጠፈች፤ ከዚያም ሌላውን። የጥፍሯ ጠርዝ ተበልቶ አልቋል።

"ጠመኔ ለምን አልያዝሽም?" አለች ወርቂቱ። ድምፅዋ ወርዷል።

ድርቤ መርማሪዋን ሰረቅ አድርጋ አየች። "ሰጥተውኝ አያውቁም። መጀመሪያ የገባሁ ጊዜ ጠይቄ ነበር። 'ማን እንደሆንሽ ሳላውቅ? ይዘሽብኝ ልትጠፊ!' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁም።"

ወርቂቱ ይህን ማለቷ ትዝ አላላትም። አነጋገሩ ግን የራሷ ነው። ጠመኔ ስለሚጠፋባት ወላጆቿን ለምታውቅላት ልጅ ብቻ ነበር የምትሰጠው፤ ሌሎቹን ስንቴ እንዲህ ብላቸዋለች። ፊቷ ጋለ። እንዲህ አፍራ አታውቅም።

"ድርቤ አልፋለች" አሉ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ቀሚሱን እያጣጠፉ። ወደ በሩ ከሄዱ በኋላ ዞር አሉ። "ወይዘሮ ወርቂቱ፣ ዘንድሮም ፈታኝ ከአዲስ አበባ ይላካል።"

በሩ ተዘጋ። ወርቂቱ ከሽርጧ ኪስ ገና ያልተጀመረ ነጭ ጠመኔ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገችው።

"ውሰጂው ልጄ። ያንቺ ነው።"

ድርቤ ጠመኔውን አየችው፤ እጆቿን ግን ወደ ኋላዋ ወሰደች። ይዛው ብትወጣ በሩ ላይ ሌባ ትባል እንደሆነ ለማወቅ፣ ቀና ብላ የወርቂቱን ፊት ታጠና ጀመር።