ሟቹ ለፋፊ ቅዳሜ ከሰዓት ደወሉልን

"ሄሎ... ወሬኛው ጎረቤት... ነገ ከቤት እ... እ... እንዳትወጣ!"

ስልኩ ከእጄ አምልጦ ወደቀ።

ያንን ድምፅ ከሺህ ሰው ጫጫታ መሃል እለየዋለሁ... የጋሽ ጥሩምባ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ... ጋሽ ጥሩምባን ክረምት ላይ ቀብረናቸዋል። አፈር ካለበስናቸው ሰዎች አንዱ እኔው ነኝ።

አልጋ ስር ገባሁ...

ድመቷ ቀድማኝ ገብታለች።

ጋሽ ጥሩምባ የከተማችን ለፋፊ ነበሩ። ውሃ ሲጠፋ፣ ሰው ሲሞት፣ በግ ሲሰረቅ፣ ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው መንገድ ለመንገድ ይለፍፋሉ። ሲጮሁ የጎረቤት ከተማ ዶሮ ይነቃል... እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ... ዶሮው ግን ይነቃል።

አንድ ሕግ ነበራቸው። መጀመሪያ "የላከኝ እገሌ ነው!" ይላሉ... መልእክቱ ከዚያ ነው።

ላኪው "ስሜ አይጠራ" ካለ፣ ከንቲባም ይሁን፣ "እንግዲያው ራስህ ጩህ" ብለው ያባርሩታል።

"ባለቤት የሌለው ወሬ ባለቤት እንደሌለው ውሻ ነው... ማንን እንደሚነክስ አይታወቅም" ይሉ ነበር።

ደግሞ ምላሳቸው ቅቤ ነው... ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲንተባተቡ የሰማ የለም።

ለዚህ ነው የደነገጥነው። እኚህ ሰውዬ ሞተው የሚንተባተቡት... ምን ቢያዩ ነው?

ከአልጋው ስር ወጥቼ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሮጥኩ። ደንበኛውን ግማሽ ፊቱን ላጭቶ ትቶታል።

"ለአንተም ደወሉ?"

"ደወሉ! ነገ የከተማው አዳራሽ በሰው ላይ ይ... ይ... ይፈነዳል አሉኝ! ደግሞ ስሜን እያወቁ 'ፀጉር አስተካካዩ' ብለው ነው የጠሩኝ!"

"እኔንማ 'ወሬኛው ጎረቤት' አሉኝ!"

"እሱስ ልክ ናቸው" አለ ግማሽ ፂሙ የቀረው ደንበኛ።

በማግስቱ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ነበረን።

አንድ ትልቅ አገር፣ ሌላውን ትልቅ አገር የሚሰልልበት ግዙፍ ዓይን ከጣራችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ መትከል ፈልጓል። ሁለቱ የተጣሉ ቀን የመጀመሪያው ሚሳኤል የሚወድቀው የት ነው? እኛው ጓዳ!

ከግማሽ በላይ ሰው ወጥቶ "እምቢ" ካላለ፣ ውሳኔው የምክር ቤቱ ይሆናል። ምክር ቤቱ ደግሞ ሊፈርም ብዕሩን ከፍቶ ተቀምጧል።

እሁድ ነጋ...

መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ሁሉም መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ያጮልቃል። እኔም ጭምር።

ከዚያ አንዲት ሴት ብቅ አሉ... የጋሽ ጥሩምባ ሚስት፣ እትዬ።

ከቀብሩ ወዲህ ቤት ዘግተው ብቻቸውን ይስቃሉ፣ ብቻቸውን ያወራሉ። ሐዘን አናታቸው ላይ ወጣ ብለን አዝነንላቸው ነበር።

የባላቸውን ድምፅ ማጉያ ይዘው አዳራሹ በር ላይ ቆሙ።

"የላከኝ የለም! የመጣሁት በራሴ ነው! የሚደውልላችሁ ባሌ አይደለም!"

ፀጉር አስተካካዩ በመስኮት፣ "እትዬ! የሳቸውን ድምፅ እኛ እናጣዋለን?"

"ድምፁማ የሱ ነው... እሱ ግን አይደለም!"

ይሄኔ... የእትዬ ስልክ ጮኸ።

አነሱና ድምፅ ማጉያው ላይ ደቀኑት።

"ው... ው... ውዴ... ተመለሺ... እንዳትገቢ..."

መንገዱ በሞተ ሰው ድምፅ ተሞላ። መጋረጃዎቹ ሲንቀጠቀጡ በዓይኔ አየሁ።

"ማን ላከህ?" አሉት።



"ና... ና... ናፍቀሽኛል..."

"እኔም ናፍቀኸኛል። ማን ላከህ?"



ከዚያ በጋሽ ጥሩምባ ድምፅ፣ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ፣ "ማን ላከህ... ማን ላከህ... ማን ላከህ..." እያለ የራሳቸውን ጥያቄ መለሰላቸው።

ስልኩ ጥርቅም አለ። ላኪውን የማይጠራ ጋሽ ጥሩምባ ደግሞ የለም።

መጀመሪያ የወጣው ባለ ግማሽ ፂሙ ነው። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ። ከዚያ እኔ፣ አንድ እግሬን በነጠላ ጫማ፣ አንዱን በቦት። ከዚያ ከተማው በሙሉ።

ምንም አልፈነዳም። "እምቢ" አልን፤ ኮረብታው የኛው ሆኖ ቀረ።

ድምፅ ማጉያውን ተሸክሜ እትዬን ስሸኝ ጠየቅኳቸው።

"እንዴት አወቁ?"

"ባሌ መንገድ ላይ ተንተባትቦ አያውቅም... ቤት ውስጥ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይንተባተብ ነበር። ከእኔ በቀር የሰማው የለም።"

"ታዲያ ያ ነገር ከየት ሰማ?"

ቆሙ። ስልካቸውን አወጡ።

"ከእኔ።"

የሞተ ሰው ድምፅ ሲሰጡት መልሶ የሚያናግር አፕ አለ... በነፃ። እትዬ ባላቸው በስልክ የላኩላቸውን የድምፅ መልእክት ሁሉ ሰጡት። ቤት ዘግተው የሚስቁት፣ የሚያወሩት... ለካ ከሱ ጋር ነው።

"የስልክሽን ስሞች ፍቀጂልኝ አለኝ... ፈቀድኩ። ባለቤቱ ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። የለፋፊ ሚስት ሆኜ... ላኪውን አልጠየቅኩም!"

"ቆይ... 'ወሬኛው ጎረቤት' ብለው የመዘገቡኝ እርስዎ ነዎት?"

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ሳቁ።

ከዚያ ጣታቸውን "አጥፋ" የሚለው ላይ አደረጉ። ስልኩ ያወቀ ይመስል...

"ው... ው... ውዴ... እ... እ... እንዳ—"

ተጫኑት።

"ክረምት ላይ እናንተ ቀበራችሁት" አሉኝ፤ "ዛሬ እኔ ቀበርኩት።"

ያንን ድምፅ ማን እንደላከብን እስከ ዛሬ አላወቅንም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ድመቷም እኔም አልጋውን እናያለን።

ትምህርቱ... ድሮ ኃያላን የሰው አገር ሲፈልጉ ታንክ ይልኩ ነበር። ዛሬ የምንወደውን ሰው ይልኩብናል። የእናታችሁም ድምፅ ቢሆን፣ ከመፍራታችሁ በፊት "ማን ላከህ?" በሉ።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ በእትዬ ቦታ ብትሆኑ፣ ያ ድምፅ እየለመናችሁ... ትጫኑት ነበር?