ዳር የሚቆመው

ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹ ከመድረሳቸው በፊት ከሐይቁ በላይ ያለውን ገደል አፋፍ ዞሮ ዞሮ አየው። ድንጋዮቹን በእግሩ እየረገጠ ሞከረ፤ አንዱ ተነቃነቀበት። መሀረቡን ዘርግቶ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አየ፤ ቬሎ ነፋስ ከገባበት ሰው ይጎትታል። አፋፉ ላይ ባለው የሾላ ዛፍ ንብ አለመኖሩንም አረጋገጠ። አምና አንድ ሚዜ "ትንሽ ወደ ኋላ" ሲባል ከትንሽ አልፎ ሄዶ እግሩ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ፎቶ አንሺው "ወደ ኋላ" የሚለውን ቃል ትቶታል።

ቤተሰቡ ሲደርስ ከገደሉ ራቅ አድርጎ አሰለፋቸው። ሙሽራውን መክብብን መሃል፣ ሙሽሪትን በቀኙ፣ እናቷን በግራው አቆመ።

የሙሽሪት እናት ከሰልፉ ወጥተው ወደ እሱ መጡ።

"ልጄ፣ ሙሽራውን ዳር አድርገው።"

"እማማ፣ ቦታው ጠባብ ነው። ዳር የቆመ ሰው ለገደሉ ይቀርባል።"

"ይቅረብ።"

"ምነው፣ አይወዱትም?"

"እንዴት አልወደውም፣ ጨዋ ልጅ ነው።" ዞር ብለው ለመክብብ ፈገግ አሉለት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የታላቅ እህቷ ሰርግ ላይም ባልየውን መሃል አቁመውት ነበር። የተፋቱ ጊዜ እሱን ከፎቶው ላይ በመቀስ ቆርጣ ስትጥል፣ እኔም አብሬው ሄድኩ።"

ፎቶ አንሺው የተነቃነቀውን ድንጋይ አንስቶ ወደ ገደሉ ወረወረና ሙሽራውን ክንዱን ይዞ ዳር አቆመው።

"እዚህ ለምን?" አለ መክብብ።

"ለጥንቃቄ ነው።"